በእንግሊዝ አገር መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ስንት ወር ይፈጃል?

ሰሞኑን የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝ። ለንደን ከገባች ገና አራት ወሯ ነው። «እዚህ አገር መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ስንት ጊዜ ይፈጃል?» አለችኝ። እኔ አሥራ አንድ ወር እንደፈጀብኝ ነገርኳት። በሳቅ ፈረሰች። አዲስ አበባ ዘጠኝ ዓመት ስነዳ አይታለቻ! እሷ ደግሞ መሪ ጨብጣ አታውቅም። «አንተ አሥራ አንድ ወር ከፈጀብህ እኔማ በጡረታዬ ነው የማገኘው» አለች።

እኔ ግን ቀድማኝ ትጨርሳለች ባይ ነኝ። ስድስት ሰባት ወር ቢበቃት አይገርመኝም። ምክንያቱን በስልክ ማስረዳት ስላቃተኝ በቅደም ተከተል ልጻፈው። የምጽፈው ስለ እንግሊዝ፣ ስለ ስኮትላንድና ስለ ዌልስ ነው። ሰሜን አየርላንድ የራሷ አሠራር አላት።

መጀመሪያ የጊዜውን ሂሳብ እንሥራ

ፈተናውን የሚያካሂደው መሥሪያ ቤት ዲቪኤስኤ ይባላል። እሱ እንደሚለው አንድ ለማጅ በአማካይ 45 ሰዓት ከአስተማሪ ጋር፣ 22 ሰዓት ደግሞ ከዘመድ ወይም ከጓደኛ ጋር ይለማመዳል። በሳምንት ሁለት ሰዓት ብትማሩ 45ቱ ሰዓት ሃያ ሦስት ሳምንት ይወስዳል። አምስት ወር ከምናምን ማለት ነው።

አሁን ሌላ ቁጥር ያዙልኝ። የተግባር ፈተና ቀጠሮ እስከ 24 ሳምንት ቀድሞ መያዝ ይቻላል። በትልልቅ ከተሞች ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ቀን እዚያ ጫፍ ላይ ያለው ነው።

ሁለቱ ቁጥሮች ተቀራራቢ ናቸው። እጃችሁ የሚፍታታበት ጊዜና ወረፋው እኩል ናቸው። ጎን ለጎን ካስኬዳችኋቸው ግማሽ ዓመት ነው። አንዱን ጨርሳችሁ ሌላውን ከጀመራችሁ ዓመት ይሆናል። እኔ ያበላሸሁት እዚህ ላይ ነው። «መጀመሪያ እጄን ላፍታታ፣ ቲዎሪው ይደርሳል» አልኩ። ቲዎሪ የሚሉት መኪና ሳይነዳ የሚሰጠውን የጥያቄና የቪዲዮ ፈተና ነው። ቲዎሪ ያላለፈ ሰው ደግሞ የተግባር ቀጠሮ መያዝ አይችልም። ሁለት ወር ሙሉ ወረፋው ውስጥ ሳልገባ ነዳሁ።

1. በእጃችሁ ያለው መንጃ ፈቃድ ምን ያደርጋል?

የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው እዚህ ነዋሪ ከሆነበት ቀን ጀምሮ 12 ወር መንዳት ይፈቀድለታል። የሚቆጠረው ነዋሪ ከሆነበት ቀን ነው፤ መኪና ከገዛበት ቀን አይደለም። ዓመቱ ሲሞላ ያ ካርድ እዚህ አገር ማስታወሻ ብቻ ነው። ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ማውጣት ዓመቱን አያራዝመውም። በእንግሊዙ መለወጥም የለም። ቲዎሪውንም የተግባሩንም መፈተን ግድ ነው። ስለዚህ አሥራ ሁለቱን ወር እንደ ዕረፍት አትዩት፣ የመፈተኛ ጊዜ ነው።

በዱባይ ወይም በጆሃንስበርግ በኩል የመጣችሁ ግን ቆም በሉ። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስና የደቡብ አፍሪካ መንጃ ፈቃድ፣ ነዋሪ በሆናችሁ በአምስት ዓመት ውስጥ፣ ያለ ፈተና ይለወጣል። ፈተናውን እዚያው አገር አልፋችሁ ያወጣችሁት መሆን አለበት። እንዲህ ዓይነቱን ካርድ ኪሱ ውስጥ አስቀምጦ ለአስተማሪ ገንዘብ ሲያፈስ የነበረ ሰው አውቃለሁ። ማንም አልነገረውም።

2. የለማጅ ፈቃድ አውጡ

ፕሮቪዥናል የሚሉት ነው። በመንግሥት ድረ ገጽ 34 ፓውንድ፣ በፖስታ 43 ፓውንድ። እዚህ አገር ቢያንስ 185 ቀን የመኖር ፈቃድ ያስፈልጋል። መኪና ለመንዳት 17 ዓመት መሙላት ግድ ነው፤ ልጆች ካሏችሁ ግን ማመልከቻው ከ15 ዓመት ከ9 ወር ጀምሮ ይገባል። የመንግሥትን ገጽ የሚመስሉና ተጨማሪ ገንዘብ የሚጠይቁ ገጾች ስላሉ አድራሻውን አይታችሁ ክፈሉ።

ፎርሙን ሞልታችሁ ስትጨርሱ ውጡና የቆመ መኪና ታርጋ በ20 ሜትር ርቀት አንብቡ። ካቃታችሁ መነጽር ቤት ሂዱ። የፈተናው ቀን የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸው ነው። ያላነበበ ሰው መኪናው ሳይነሳ ይወድቃል።

3. ቲዎሪውን አስቀድሙ

ካርዱ በፖስታ እንደመጣ የቲዎሪ ቀጠሮ ያዙ። 23 ፓውንድ ነው። አንድ ወር፣ ቢበዛ አንድ ወር ተኩል ይበቃል። በሥራ መመላለሻ ባቡር ላይ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ካጠናችሁ ማለቴ ነው።

ፈተናው ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው 50 የምርጫ ጥያቄ በ57 ደቂቃ ሲሆን ለማለፍ 43 ማግኘት ነው። የሚያስቸግረው እንግሊዝኛው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ አስተርጓሚ ይዞ መግባት ቀርቷል። በጆሮ ማዳመጫ ጥያቄውን የሚያነብ ድምፅ ቢኖርም በእንግሊዝኛና በዌልስ ቋንቋ ብቻ ነው። ማንበብ ለሚከብደው ሰው ግን እሱም ትልቅ ነገር ነው። ቀጠሮ ስትይዙ ጠይቁት።

የቋንቋው ችግር ደግሞ ከምታስቡት ይለያል። የእግረኛ ማቋረጫዎቹን ስም ተመልከቱ። ዜብራን እናውቃለን። ከዚያ ፔሊካን አለ፣ ፓፊን አለ፣ ቱካን አለ፣ ፔጋሰስ አለ። ሦስቱ የወፍ ስሞች ናቸው። ቱካን ለእግረኛና ለብስክሌት ነው፣ ፔጋሰስ ለፈረሰኛ። እንግሊዝኛ የተማረ ሰው ሁሉ እነዚህን ያውቃል ማለት አይደለም። ሃይዌይ ኮድ የሚባለውን የመንገድ ሕግ መጽሐፍ ስታነቡ የማታውቁትን ቃል በአማርኛ ኅዳጉ ላይ ጻፉ። ርቀቶቹን በቃል ያዙ። በሰዓት 30 ማይል የሚሄድ መኪና ለመቆም 23 ሜትር ይፈልጋል። በ70 ማይል 96 ሜትር ነው። 30 ማይል በእኛ 48 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ሁለተኛው ክፍል ሃዛርድ ፐርሴፕሽን ነው። አሥራ አራት አጫጭር ቪዲዮ ታያላችሁ። አደጋ ሊሆን የሚችል ነገር ሲጀምር ማውዙን ትጫናላችሁ። ቶሎ ካያችሁ 5 ነጥብ፣ ከዘገያችሁ እየቀነሰ ይሄዳል። ከ75 ቢያንስ 44 ማምጣት አለባችሁ።

እኔ እዚህ ላይ ወደቅኩ። በምርጫው 48 አምጥቼ በቪዲዮው 41። የዘጠኝ ዓመት ልምድ ይዤ! ቆይቶ ነው የገባኝ። ለእኔ አደጋ ማለት በግ ድንገት ዘሎ ሲገባ፣ ሚኒባስ ተሳፋሪ አይቶ መሃል መንገድ ላይ ሲቆም ነው። እዚህ ቪዲዮ ላይ አንድ ልጅ ገና እግረኛ መንገዱ ላይ ኳስ ይዞ ሲሮጥ ያሳያል። እኔ «ምን ሆነ?» እያልኩ አየዋለሁ። ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ እጫናለሁ፤ ያኔ ነጥቡ አልቋል። መንዳት የማያውቅ ሰው ግን ልጁን ሲያይ ይደነግጣል። ያ ድንጋጤ ነው ነጥብ የሚያስገኘው።

ዘዴው ይህ ነው። የሚያጠራጥር ነገር ስታዩ አንድ ጊዜ ተጫኑ። ነገሩ መባባስ ሲጀምር አንድ ጊዜ ድገሙ። እንደ መዶሻ በተከታታይ የተጫነ ሰው ግን ለዚያ ቪዲዮ ዜሮ ያገኛል። አንዱን ክፍል አልፎ በሌላው የወደቀ ሁለቱንም ይደግማል። ለመድገም ቢያንስ ሦስት የሥራ ቀን መጠበቅ ነው። ያለፈ ሰው ውጤቱ ሁለት ዓመት ያገለግላል። በሁለት ዓመት ውስጥ የተግባሩን ካላለፈ እንደገና ከዜሮ።

4. ያለፋችሁ ዕለት ማታ የተግባር ቀጠሮ ያዙ

«ገና አልቻልኩም» አትበሉ። ቀኑ ሩቅ ነው፣ ትደርሱበታላችሁ። በሥራ ቀን 62 ፓውንድ፣ ማታና ቅዳሜና እሁድ 75 ፓውንድ። ከመንግሥት ድረ ገጽ ብቻ፣ በራሳችሁ ስም። ቀጠሮ በብዙ እጥፍ የሚቸረችሩ ሰዎች በየማኅበራዊ ሚዲያው አሉ፤ አትጠጓቸው። ሰው የሰረዘው ቀን በየጊዜው ብቅ ስለሚል ራሳችሁ እየገባችሁ ፈልጉ። አስተማሪያችሁ «አልደረስክም» ካለ ደግሞ ቀኑን ግፉት። ግን ፈተናው ሙሉ አሥር የሥራ ቀን ሳይቀረው መሆን አለበት፣ አለዚያ ገንዘቡ ይቀልጣል።

5. አስተማሪ ምረጡ፣ ሰዓቱን ሙሉ

የመኪናው የፊት መስታወት ላይ ያለውን ባጅ እዩ። አረንጓዴ ከሆነ ሙሉ አስተማሪ ነው። ሮዝ ከሆነ ራሱ ገና ሠልጣኝ ነው። ሮዝ መጥፎ አይደለም፣ ግን ዋጋው ዝቅ ማለት አለበት። ለንደን ውስጥ እኔ ስጠይቅ በሰዓት ከ35 እስከ 45 ፓውንድ ይሉኝ ነበር። በ40 ስታባዙት 45 ሰዓት 1,800 ፓውንድ ነው። ደንግጡ፣ ከዚያ በጀት ያዙ።

ማንዋል ወይስ አውቶማቲክ? ፍሪሲዮን ነክቶ ለማያውቅ ሰው የእኔ ምክር አውቶማቲክ ነው። ሰዓቱ ያጥራል። በአውቶማቲክ የተፈተነ ማንዋል መንዳት አይፈቀድለትም፣ ይኸን ይወቅ። አገር ቤት ማንዋል የነዳችሁ ግን ለምን ትጥሉታላችሁ?

አስተማሪዬ የእኛው ሰው ነበሩ፣ ስድሳዎቹን ያለፉ። የመጀመሪያው ቀን «ጋሼ፣ እኔ እንኳ እነዳለሁ። ሁለት ቀን ቢያዩኝ ይበቃል» አልኳቸው። «እሺ ልጄ፣ ንዳት» አሉ። ተነሳሁ። ቀኝ እጄ ማርሽ ፍለጋ ሄዶ በሩን መታ። እዚህ መሪው በቀኝ ነው፣ ማርሹ በግራ እጅ። ጋሼ ዝም አሉ።

ሁለት መቶ ሜትር ሳንሄድ ግራና ቀኝ መኪና የተደረደረበት ጠባብ መንገድ ገባን። ከፊት አንዲት መኪና መጣች። እንደ አገሬ ረጅሙን መብራት ብልጭ አደረግኩ፤ «መጣሁ፣ ቁሚ» ማለቴ ነው። ሴትዮዋ «እለፊ» ያልኳት መስሏት እጇን አንስታ አመስግናኝ መጣች። መሃል ላይ አፍንጫ ለአፍንጫ ተፋጠጥን። ጋሼ በእሳቸው በኩል ያለውን ፍሬን ረገጡት። ሞተሩ ጠፋ። መነጽራቸውን አውልቀው በቀስታ ጠረጉ።

«ስንት ዓመት ነዳሁ አልከኝ?»

«ዘጠኝ።»

«በል ዘጠኙን ዓመት እዚህ አውርደውና እንቀጥል።»

ማውረዱ ሃያ ሁለት ሰዓት ወሰደ። አገር ቤት የነዳችሁ እነዚህን ቶሎ አውርዱ።

አደባባይ። እዚህ የሚዞረው በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ነው። ቅድሚያ የምትሰጡት ከቀኝ ለሚመጣው ነው። «ትንሽ ገባ ልበልና ይቆሙልኛል» የሚባል ነገር የለም። ጠብቁ። ስትወጡ የግራ ፍሬቻ አሳዩ።

ጡሩምባ። «አለሁ» ለማለት ብቻ ነው። መኪና ቆሞ ማስጮህ ክልክል ነው። ሰው በሚኖርበት ሰፈር ደግሞ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከምሽቱ 5፡30 እስከ ጠዋቱ 1፡00 ጨርሶ አይነካም።

እግረኛ። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጥር መጨረሻ ጀምሮ ሕጉ ጠብቋል። ወደ ሌላ መንገድ ስትታጠፉ ጥግ ላይ ለመሻገር የቆመ ሰው ካለ ቅድሚያው የእሱ ነው። ብስክሌት ስታልፉ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ራቁ።

ስፖኪዮ። አብዛኞቻችን የምንወድቅበት ይኸው ነው። አገር ቤት ስፖኪዮ የምናየው ስንቀይር ነው፣ አንዳንዴም ከቀየርን በኋላ። እዚህ ከፍሬቻ በፊት፣ ፍጥነት ከመቀነስ በፊት፣ ከመነሳት በፊት ይታያል። ጋሼ «ስፖኪዮ፣ ፍሬቻ፣ መሪ» እያሉ እንደ ዳዊት ያስደግሙኝ ነበር። በዓይን ብቻ ካያችሁ ፈታኙ ላያስተውል ይችላል። አንገታችሁን ትንሽ አንቀሳቅሱ።

ይኸኔ የአክስቴ ልጅ ለምን እንደምትቀድመኝ ይገባችኋል። እሷ የምታወርደው ሸክም የላትም።

ከዘመድ ወይም ከጓደኛ ጋር የምትለማመዱትን 22 ሰዓት በተመለከተ፦ አጠገባችሁ የሚቀመጠው ሰው ከ21 ዓመት በላይ፣ የእንግሊዝ ወይም የአውሮፓ ኅብረት ሙሉ መንጃ ፈቃድ ከያዘ ሦስት ዓመት የሞላው መሆን አለበት። አዲስ አበባ ሃያ ዓመት የነዳ ባል አይቆጠርም። ኢንሹራንሱ የእናንተን ስም መያዝ አለበት። ከፊትና ከኋላ ቀይ ኤል ፊደል ይለጠፋል። እንዲህ ዓይነት ሰው አጠገባችሁ ሳይኖር ከተያዛችሁ ቅጣቱ እስከ 1,000 ፓውንድና እስከ ስድስት የቅጣት ነጥብ ነው። ሞተርዌይ የሚገባው ደግሞ ከአረንጓዴ ባጁ አስተማሪ ጋር፣ ሁለት ፍሬን ባለው መኪና ብቻ ነው።

6. የፈተናው ቀን

የለማጅ ካርዳችሁን ያዙ። የረሳ አይፈተንም፣ ገንዘቡም አይመለስም። መኪናውን ብዙ ጊዜ ከአስተማሪ ነው የምትወስዱት፤ የሰዓቱን ትከፍሉታላችሁ። ከፈተናው በፊት አንድ ሰዓት በአካባቢው ዙሩ።

ጠቅላላው 40 ደቂቃ ገደማ ነው። ታርጋ ታነባላችሁ። ስለ መኪናው አንድ ጥያቄ ከመነሳታችሁ በፊት፣ አንድ ደግሞ እየነዳችሁ ትጠየቃላችሁ። አንድ የኋላ ማርሽ ሥራ አለ። ያለ ፈታኙ መሪነት፣ ብዙ ጊዜ ጂፒኤስ ተከትላችሁ የምትነዱበት ጊዜም አለ። መንገድ መሳሳት አያስወድቅም። «ግራ» ሲል ቀኝ ብትሄዱ፣ በትክክል ከሄዳችሁ ማንም ነጥብ አይቀንስም። ደንግጦ በመጨረሻ ሰዓት ሌን መቁረጥ ነው የሚጥለው።

እስከ 15 ቀላል ስሕተት ይፈቀዳል። አንድ ከባድ ስሕተት ካለ ግን አለቀ። የእኔ የመጀመሪያ ፈተና አራት ቀላል ስሕተት ብቻ ነበረው። እንዲያውም ደስ እያለኝ ነበር። አንዲት ባልቴት ዜብራው ጫፍ ላይ ከነዘንቢላቸው ቆመው ነበር። እግራቸውን አላነሱም። የቆሙት ለወሬ መሰለኝና አለፍኩ። ፈታኙ አንድ ቃል አልተናገረም፣ የሆነ ነገር መዘገበ ብቻ። ጣቱ ሲንቀሳቀስ በዓይኔ ጥግ አየሁት፤ የቀረውን ሃያ አምስት ደቂቃ የነዳሁት መውደቄን እያወቅኩ ነው።

እናንተ እንዲህ አታድርጉ። ፈታኙ የመዘገበው ምን እንደሆነ አታውቁም። ትንሽ ነገርም ይመዘግባል። ተስፋ የቆረጠ ሰው የሚሠራው ሁለተኛው ስሕተት ነው ብዙ ጊዜ የሚጥለው። ቀስ ማለትም አያድንም። 30 ማይል በተፈቀደበት መንገድ ያለ ምክንያት በ18 የሚሄድ ሰው እሱም ይመዘገብበታል።

መውደቅ ብርቅ አይደለም። በአገሪቱ ከሚፈተነው ሰው የሚያልፈው ከግማሽ በታች ነው። እንደገና ለመፈተን ሕጉ አሥር የሥራ ቀን ይላል፤ ወረፋው ግን ሌላ ነው የሚለው። እኔን ሦስት ወር አስጠበቀኝ። በመሃል በሁለት ሳምንት አንዴ ከጋሼ ጋር ወጣሁ፣ እጄ እንዳይሰንፍ።

7. ካለፋችሁ በኋላ

ፈታኙ ከፈለጋችሁ ሙሉው መንጃ ፈቃድ ወዲያው እንዲላክላችሁ ያደርጋል። ካርዱ ሳይደርስም መንዳት ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ግን ስስ ናቸው። በእነሱ ውስጥ ስድስት የቅጣት ነጥብ ከተሰበሰበ መንጃ ፈቃዱ ይሰረዝና ከፕሮቪዥናል እንደገና መጀመር ነው፣ ቲዎሪውንም ጭምር። መንዳት ላይ ሳላችሁ ስልክ መያዝ ብቻውን ስድስት ነጥብ ነው።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ብዙው የለማጅ ኢንሹራንስ ፈተናውን ባለፋችሁበት ደቂቃ ያበቃል። የራሳችሁን መኪና አምጥታችሁ ከሆነ፣ ቁልፉን ከማዞራችሁ በፊት ኢንሹራንሱ ጋ ደውሉ። እኔ ስደውል መስመሩ አርባ ደቂቃ ዘፈን አሰማኝ። በመጨረሻ መኪናዋን እዚያው አቁሜ፣ አዲስ መንጃ ፈቃድ ያገኘሁት ሰው በአውቶቡስ ቤቴ ገባሁ።